ፀሐይ ያጣበቃቸው ፊደሎች

ሕመሜ መጀመሪያ ስሙ ማዲያት ነበር። ቀጥሎ ምች ተባለ። ከዚያ ጮክ ተብሎ የማይጠራ ስም ወጣለት፤ በዚያ ስም ምክንያት ልጄን ወሰዱብኝ። ትክክለኛ ስሙን የሰማሁት ከሁሉም በኋላ ነው፣ እሱም ቢሆን በግማሽ ነው የገባኝ። ዛሬም ሰው «ምን ነበር ያመመሽ?» ሲለኝ ቶሎ አልመልስም፤ ከየትኛው ስም እንደምጀምር ግራ ይገባኛል። ከንፈሩ ላይ የወጣች ቁስል አልድን ያለችው፣ ፊቱን ጠቃጠቆ የወረሰውና ፀሐይ የምታስለቅሰው ሰው ካለ ግን ይህን ያንብብና ከእኔ ፈጥኖ ሐኪም ዘንድ ይድረስ።

ያደግሁት ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነው። ልጅ ሳለሁ ሌሎቹ ሜዳ ሲውሉ እኔ እንሰት ጓሮ ውስጥ፣ ከሰፋፊው ቅጠል ጥላ ሥር፣ ከሴቶቹ ጋር እውል ነበር። ብርሃን ዓይኔን ይወጋኛል። ፊቴና ክንዴ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ ነበረ፤ እናቴ በሀዲይኛ «ጤፍ የተበተነባት» እያለች ትቀልድብኝ ነበር። ትምህርት ቤት አልተላክሁም። «ዓይኗ ያለቅሳል፤ ደግሞም ሴት ናት» ተባለ፤ ከሁለቱ የትኛው ዋና ምክንያት እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ ባል አግብቼ ሆዴ ገፍቶ ነበር። ከሽማግሌዎች ጎን አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሀ ሁ ቆጠርኩ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ? የማታ ትምህርት ቀጠልኩ፣ ታይፕ ተማርኩ፣ ቆይቼም ከተማው ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት የታይፕ ጸሐፊ ሆንኩ። ዘግይቶ የተማረ ሰው በፊደል አይቀልድም። አንዲት ነጥብ ከተዘለለች ምሳዬ አይወርድልኝም ነበር።

ሥራዬ በአብዛኛው ስቴንስል መምታት ነበር። ስቴንስል ሰም የተቀባ ስስ ወረቀት ነው፤ የታይፑ ፊደል ሰሙን ይበሳዋል፣ ከዚያ ማባዣው መኪና ላይ ይጠቀለልና ቀለም በቀዳዳው እየሰረገ የፈለጉትን ያህል ኮፒ ያወጣል። ስቴንስሉ ላይ አንድ ፊደል ከተሳሳተ ተማሪው ሁሉ የተሳሳተ ጥያቄ ይደርሰዋል። ስለዚህ ከመባዛቱ በፊት እናመሳክር ነበር። የማመሳከር ጓደኛዬ ጋሽ መኩሪያ ነበሩ፣ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ። ከሰሜን መጥተው ሆሳዕና ያረጁ፣ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ያደሩ ሰው ናቸው። የሒሳብ ፈተናም ቢሆን በዜማ ነው የሚያነቡት። እሳቸው ዋናውን ያነባሉ፣ እኔ ስቴንስሉን በጣቴ እከተላለሁ። የማይገጥም ነገር ሳገኝ «ይመለሱ!» እላለሁ፤ ይመለሳሉ። ስሕተቱን በቀይ ማረሚያ ቀባ አድርጌ፣ እፍ ብዬ አድርቄ፣ በላዩ ላይ ትክክለኛውን እመታለሁ።

«አንቺ ልጅ፣ በፍርድ ቀን ከመላእክት ጎን መዝገብ ታመሳክሪያለሽ» ይሉኝ ነበር። «ያን ጊዜ እኔን ስታገኚኝ አንዷን መስመር ዝለይልኝ።»

«አልዘልም» እላቸዋለሁ።

«በይ እንግዲያውስ አለቀልኝ!» ይላሉ እየሳቁ።

የምሠራበት ጠረጴዛ ከመስኮቱ ሥር ነበር፤ ለፊደል ብርሃን ስለሚያስፈልግ ራሴ ነኝ ያስጠጋሁት። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በግራ ጉንጬ በኩል ትገባለች። በዚያ በኩል ጠቃጠቆው እየበዛና እየጠቆረ መጣ። ሴቶቹ «ማዲያት ነው፣ ከወሊድ በኋላ የቀረብሽ» አሉ። ከሱቅ ቅባት ገዝቼ ተቀባሁ። ምንም አላመጣም። ቆይቶ የታችኛው ከንፈሬ ላይ አንዲት ቅርፊት ወጣች። ትረግፋለች፣ ትደማለች፣ ደግማ ትወጣለች። ስናገር ትሰነጠቃለች። በሣሙና ታጠብኩ፣ ቅቤ ቀባሁ፣ ጨውም ሞከርኩ። ዝም ብላ ትኖራለች።

የባለቤቴ የጳውሎስ እናት ከዳምቦያ የመጡት በዚህ ጊዜ ነው። እኛ ቤት «እማማ» ነው የምንላቸው። ገና በር ላይ ሳሉ ፊቴን አይተው ዘንቢላቸውን መሬት ጣሉት።

«ምች ነው!» አሉ። «ላብሽ ሳይደርቅ ፀሐይ መትቶሻል። ጳውሎስ፣ አንተ ታስተምራለህ እንጂ አታይም እንዴ?»

በአማርኛና በከምባትኛ እየቀላቀሉ ሲቆጡ ማንም አይመልስላቸውም። ዳማከሴ አሽተው አሸተቱኝ። ጤና አዳም ጨምቀው ፊቴን፣ አንገቴንና ክንዴን ቀቡኝ። ከዚያ እንደ አገሩ ደንብ፣ የታመመ ሰው ፀሐይ ይሙቅ ብለው፣ ጠዋት ጠዋት ግድግዳ አስደግፈው ከደጅ አስቀመጡኝ። ሽማግሌ ሁሉ የሚድነው በዚህ ነው። እኔም ለመዳን ዓይኔን ጨፍኜ ፊቴን ወደ ፀሐይ አዞርኩ።

ቆዳዬ ተቃጠለ። መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ውኃ ቋጠረ፣ ከዚያ እንደ ከሰል ጠቆረ። ብዙ ቆይቼ እንደሰማሁት የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ካገኘችው ጤነኛውንም ሰው ያቃጥላል፤ እኔን ደግሞ ፀሐይ ብቻዋን ትበቃኝ ነበር። ያን ጊዜ ግን ይህን ማን ያውቃል? እማማ በየማለዳው እየጨመሩ ቀቡኝ። በመጨረሻ እጃቸውን አጣጥፈው ራቅ ብለው ቆሙ።

«እንዲህ ያለ ምች አይቼ አላውቅም» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

ጤና ጣቢያ ሄድን። የፔኒሲሊን መርፌ ታዘዘልኝ፤ ወገቤ አበጠ፣ ከንፈሬ አልዳነም። ሁለተኛ ጊዜ ስንሄድ ቁስል የሚያክመው ድሬሰር የቆሰለውንና የጠቆረውን ፊቴን ከሩቅ አየና ጳውሎስን ወደ ጓሮ ጠራው። እኔን አልጠራኝም። በመስኮት ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ የጳውሎስም ትከሻ ሲወድቅ አየሁ። መንገድ ላይ «ምን አለህ?» ብዬ ብጠይቀው «እርግጠኛ አይደለም» አለኝ። ስለ ምን እርግጠኛ እንዳልሆነ አልነገረኝም።

የነገረኝ ኩባያዬ ነው። ማግስቱን ውኃ ልጠጣ ስነሣ የአንዱ ኩባያ እጀታ ላይ ቀይ ክር ታስሮ አገኘሁ። ከእንግዲህ የእኔ እሱ ብቻ ነው ማለት ነው። ሥጋ ደዌ ብለውኛል።

እማማ የልጄን የምሕረትን ልብስ በዘንቢሉ እየከተቱ ነበር። ምሕረት ያን ጊዜ ገና ጥርሷን የምትነቅል ልጅ ናት።

«ለጊዜው ነው» አለ ጳውሎስ። ዓይኔን አላየም።

«ማን ነው ያረጋገጠው?» አልኩ። «የቱ ምርመራ ነው?»

«አስቴር፣ ልጄ» አሉ እማማ። «አንቺን ጠልቼ መሰለሽ? አንቺ አንዴ ከተያዝሽ ተያዝሽ። ይህችን ላትርፍ።»

ምሕረት ልትስመኝ ስትመጣ እኔው ራሴ ወደ ኋላ ሸሸሁ። እውነት ቢሆንስ? አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ የነበረው ዘመን ሁሉ «እውነት ቢሆንስ» ነበር። ጸሎት ቤታችን በተዘጋበት በዚያን ጊዜ በየሰዉ ሳሎን ድምፅ ዝቅ አድርገን እንዘምር ነበር፤ እኔ በር አጠገብ እቀመጣለሁ፣ መዝሙሩ አልቆ እጅ ለእጅ ሳይያያዙ እወጣለሁ። ማንም ውጪ አላለኝም። ማንም ቆዪ አላለኝም።

ቢሮዬ ግን ጋሽ መኩሪያ ወንበራቸውን አላራቁም። እንዲያውም ጠረጴዛዬን ከመስኮቱ ጎትተው ጥግ አስገቡልኝ። «ከሰዓት በኋላ ፊትሽ ይቀላል፤ እኔ አይቻለሁ» አሉኝ። በአብዮት በዓል ሰልፍ ሜዳ ላይ ስንቆም ነጠላ ተከናንቤ ዣንጥላ ብዘረጋ አንድ የቀበሌ ካድሬ ከመድረኩ አጠገብ ጮኸብኝ።

«ጓድ አስቴር ፀሐይ ትፈራለች እንዴ? ፀሐይ እኮ ለጭቁኑ ሕዝብ ነው የወጣችው!»

ሰዉ ሳቀ። ጋሽ መኩሪያ ባርኔጣቸውን አነሡ። «ጓድ፣ ለእሷ ድርሻዋን አስቀድማ ሰጥታታለች፤ የቀረውን ሌላው ይካፈል ብላ ነው» አሉ። የባሰ ተሳቀ፣ ካድሬውም አብሮ ሳቀ፣ ዣንጥላዬም እንደተዘረጋ ቀረ። ሰልፉ እስኪያልቅ በፀሐይ በኩል ቆመው ጥላ ሆኑኝ። የእሳቸው ጥላ እስከ አገጬ ነው የደረሰው፤ አጭር ሰው ናቸው።

ወደ አዲስ አበባ እንድሄድ የገፉኝም እሳቸው ናቸው። «አንድ ሰው ብቻ አንብቦት የተባዛ ነገር አይተሽ ታውቂያለሽ? ሁለተኛ ዓይን ይየው» አሉኝ። ጳውሎስ ደብዳቤ አጻፈልኝ፤ አንዲቱን ጊደራችንን ሸጠ፤ በቡታጅራ በኩል በሚሄደው አውቶቡስ አብረን ሄድን። እኩለ መንገድ ላይ ውኃ ሲገዛ አንድ ጠርሙስ ብቻ ገዛ። መጀመሪያ እኔ ጠጣሁ። ከዚያ የጠርሙሱን አፍ ሳይጠርግ እሱ ጠጣ።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ያለው አግዳሚ ጠዋት ጥላ ነው፤ ረፋዱ ላይ ፀሐይ እየተሳበች ትመጣለች። እኔም እየተነሣሁ እሸሻለሁ። ከጎኔ የነበረች አንዲት የጉራጌ ሴት ተቆጣችኝ። «ኧረ አንቺ ሴትዮ! ተራሽን ለሰው ነው ወይስ ለፀሐይ የምትለቂው?» አለች። ፊቴን ገልጬ አሳየኋት። ከዚያ ነጠላዋን ከሁለታችን ራስ በላይ ከመስኮቱ እጀታ ጋር አስራ ድንኳን ሠራች። «በይ ተቀመጪ፤ ተራሽን እኔ እጠብቅልሻለሁ» አለችኝ። በሽታዬ ይጋባ እንደሆነ እንኳ አልጠየቀችም። ስሟን አልጠየቅኋትም፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ዶክተሩ ወጣት ነበር፤ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ነው አሉ። ጥጥ ቀጭን አድርጎ ጠመዘዘ። «ዓይንሽን ጨፍኚ። ስነካሽ ንገሪኝ» አለኝ። ጉንጬን፣ ክንዴን፣ አንድ በአንድ እያንዳንዱን ጥቁር ቦታ ነካ።

«ይሰማኛል» እያልኩ መለስኩ። «ይሰማኛል። ይሰማኛል።»

«ሥጋ ደዌ ስሜትን ያደነዝዛል። አንቺ ሁሉም ቦታ ይሰማሻል። ይህ ሥጋ ደዌ አይደለም፤ ወደ ማንም አይተላለፍም።»

ጳውሎስ ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ ግድግዳው ዞረ። ጀርባው ብቻ ነው የታየኝ።

«ታዲያ ምንድን ነው?» አልኩ።

«ዜሮደርማ ፒግመንቶሰም ይባላል።»

ስሙን አስደገምኩት፣ ፊደል በፊደል። «ትርጉሙስ?»

«ደረቅ፣ ነጠብጣብ ያለበት ቆዳ።»

ደንግጬ አየሁት። ይህንማ እናቴም ጤፍ የተበተነባት ብላ ነግራኛለች! ስሙ የሚታየውን እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። ይህን ስለው ሳቀና ሥራዬን ጠየቀኝ።

«ስቴንስል ነው የምመታው። እናመሳክራለንም።»

«እንግዲያውስ ምክንያቱን ልንገርሽ» ብሎ የጓንት ካርቶን ቀደደና ጀርባው ላይ ይሥል ጀመር።

እንደገባኝ ልጻፈው። በእያንዳንዷ የሰውነት ሴል ውስጥ ሰውነት እንዴት እንደሚሠራ የሚናገር ረጅም ጽሑፍ አለ፤ ዲ ኤን ኤ ይሉታል። ፊደሎቹ አራት ብቻ ናቸው። ጽሑፉ ሁለት ገመድ ሆኖ የተጠማዘዘ ነው። አንደኛው ገመድ ላይ ያለው ፊደል ፊት ለፊቱ የትኛው ፊደል እንደሚቆም ይወስናል፤ ስለዚህ አንዱን ያየ ሌላውን ያውቀዋል። ቆዳችን አሮጌውን እየጣለ አዲስ ሲያበቅል ሴሎቹ ለሁለት ይከፈላሉ፤ ከመከፈላቸው በፊት ጽሑፉ በሙሉ መገልበጥ አለበት። ገመዶቹ ይላቀቃሉ፤ ለእያንዳንዱ አሮጌ ገመድ አዲስ ጓደኛ ይጻፍለታል። እያንዳንዱ ኮፒ ግማሹ ራሱ ዋናው ነው ማለት ነው። ይህ አስደነቀኝ፤ እኛ ዋናውን ፋይል ውስጥ እናስቀራለን እንጂ ከኮፒው ጋር አንጠርዘውም።

«ገልባጩ አይሳሳትም?» አልኩ።

«ይሳሳታል፣ ግን በጣም ጥቂት ነው። የማይገጥም ፊደል ሲያስገባ ያውቀዋል፤ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ይነቅለዋል፣ ትክክለኛውን ይተካል። እሱን ያመለጠውን ደግሞ ከኋላ የሚከተሉ አራሚዎች አሮጌውንና አዲሱን እያመሳከሩ ያገኙታል።»

ጋሽ መኩሪያ ትዝ አሉኝ። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። «ሁለቱ ገመዶች ካልተስማሙ የተሳሳተው የትኛው እንደሆነ በምን ያውቃሉ? አዲሱን ማረም ሲገባቸው ዋናውን ቢያበላሹስ?»

ዶክተሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠና ትንሽ አየኝ። «በባክቴሪያዎች አሮጌው ገመድ ምልክት አለው፤ አዲሱ ላይ ገና አልተደረገም። በዚያ ይለያሉ። በሰው ግን በምን እንደሚለዩ ገና በደንብ አይታወቅም።»

«ማኅተም በሉኛ» አልኩ። «የእኛም ዋናው ማኅተም አለው፤ ኮፒው ገና ነው።»

«እሱን ነው። አሁን ወደ ፀሐይ እንምጣ። ታይፕ ስትመቺ ሁለት ፊደል አብረሽ ከነካሽ ምን ይሆናል?»

«መዶሻዎቹ ይጣበቃሉ።»

«ፀሐይም እንደዚያ ናት። ገመዱ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ፊደሎችን ታጣብቃለች። የእኔም ቆዳ ላይ፣ የባለቤትሽም ቆዳ ላይ በየቀኑ ይህ ይሆናል። እኛ ዘንድ ጠጋኞች መጥተው የተጣበቀውን ቆርጠው ያወጡና ፊት ለፊት ያለውን ገመድ እያዩ ይሞሉታል። አንቺ ዘንድ ይህ ሥራ ሳይጎድል አልቀረም። ወይም ደግሞ…» አቆመ። «ዓይነቱ ብዙ ነው። አንዳንድ ሕመምተኞች ላይ ጠጋኞቹ ደህና ሆነው ገልባጩ ነው ችግሩ። የተጣበቀው ቦታ ሲደርስ በትክክል ማለፍ ይሳነዋል፤ ይደናቀፋል፣ ይገምታል። አንቺ የባሰብሽ በትልቅነትሽ ስለሆነ ይሄኛው ይመስለኛል። ግን ለመለየት የሚያስፈልገው ላቦራቶሪ እዚህ የለንም።»

«ታዲያ የትኛው ነው?»

«አላውቅም፣ እህቴ።»

ሐኪም አላውቅም ሲል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እስከዚያ ድረስ ያየኝ ሁሉ ያውቅ ነበር። ግራ መጋባቴ አልለቀቀኝም፣ ግን ከዚያ በፊት ከነበረው ጋር አንድ አይደለም፤ ይሄኛው ግራ መጋባት ጓደኛ ነበረው።

ቀስ እያልኩ የገባኝ ይህ ነው። የሚያርመው ሠራተኛ እንዴት እንደሚሠራ የሚናገረው መመሪያም በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ነው ያለው፤ እኔ ዘንድ የተሳሳተው ያ መስመር ነው። ለዚህ መመሪያ ሁላችንም ሁለት ኮፒ አለን፣ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። አንዱ ደህና ከሆነ ይበቃል። እኔ ሁለቱም ተበላሽተው ደረሱኝ።

«እናትና አባትሽ ዘመድ ናቸው?» አለኝ።

ደሜ ፈላ። «በእኛ አገር ሽማግሌ ጎሳ ቆጥሮ፣ ወገን ለይቶ ነው ጋብቻ የሚፈቅደው! ዘመድ ዘመድን አያገባም!»

«አትቆጪ። ዘመድ ሳይሆኑም ያንኑ ዓይነት ስሕተት ይዘው ሊገናኙ ይችላሉ። አልፎ አልፎ ነው፤ ግን ይሆናል።»

ከዚያ ከአገሬ ይዤው የመጣሁትን ጥያቄ ጠየቅሁ። «ልጄስ?»

«ከአንቺ የተሳሳተ ኮፒ ደርሷታል፤ ሌላ የምትሰጪያት የለሽም። ከአባቷ ደህናው ከደረሳት ግን አትታመምም። አባቷ ይህን ስሕተት መያዙ በጣም አጠራጣሪ ነው። እርግጠኛ ሁኚ ልልሽ አልችልም፤ ቆዳዋን ተከታተዪ።»

ከከንፈሬ ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ እስኪመጣ የጳውሎስ የአክስት ልጅ ቤት ሰነበትን። ካንሰር ነበር፣ ግን ገና ያልተሰራጨ። አደንዝዘው ቆርጠው አወጡት፤ ከግራ ዓይኔ ሥርም አንድ ትንሽ እብጠት አነሡ። የመቀሱን ድምፅ እሰማ ነበር፤ ሕመም አልነበረውም። ዶክተሩ ሲሰፋ ቆይቶ «ይህን አርመነዋል» አለኝ። «ሌላ ሊወጣ ይችላል። ፀሐይ አትውጪ። ባርኔጣ፣ ረጅም እጅጌ፣ መነጽር። አዲስ ነገር ባየሽ ጊዜ ሳትውዪ ሳታድሪ ነዪ።»

የስፌቱ ክር ከወጣ በኋላ ሆሳዕና አልቆየንም። ልጄ ወዳለችበት ዳምቦያ ሄድን። የገበያ ቀን ነበርና አቧራው ይጨሳል፤ እኔ ሰፊ ባርኔጣ ደፍቼ፣ በላዩ ዣንጥላ ይዤ፣ ጥቁር መነጽር አድርጌ። «የፈረንጅ ሚስት መጣች!» ይሉኛል ሴቶቹ።

እማማ ከደጃፉ ቆመው ጠበቁን። ምሕረት ከኋላቸው ብቅ አለች፤ ቀሚሷን ጨምድደው ያዟት።

«አይጋባም፣ እማማ» አለ ጳውሎስ። «ሐኪሙ መርምሮ ነግሮናል። እኔ ከእሷ ጋር በአንድ ጠርሙስ እጠጣለሁ።»

«ካልተጋባ ከየት መጣ?»

ጳውሎስ ወደ እኔ ዞረ። ዶክተሩ የነገረኝን ሁሉ ልናገር አስቤ ነበር፤ ገመድ፣ ፊደል፣ ገልባጭ። የእማማን ፊት ሳይ ግን ሁሉም ጠፋብኝ። የመጣልኝ የተቆጣሁበት ነገር ነው።

«እማማ፣ ጳውሎስ እኔን ሲያገባ ሽማግሌዎቹ ምን አደረጉ?»

«ቆጠሩ እንጂ! ጎሳሽን ቆጠሩ፣ ጎሳችንን ቆጠሩ።»

«ለምን?»

«ደም እንዳይቀላቀል ነዋ። አንድ ዓይነት ጉድለት ከሁለት ወገን መጥቶ ልጁ ላይ እንዳይገናኝ።»

ቃል በቃል እንዲህ አሉ። ጳውሎስና እኔ ተያየን።

«እኔ ላይ ተገናኘ» አልኩ። «እናትና አባቴም ተቆጥሮላቸው ነበር፤ ግን ቆጣሪ የማያየው ነገር አመለጠ። ምሕረት ከእኔ አንዱን ጉድለት ወስዳለች። ከጳውሎስ የወሰደችው ግን ደህና ነው ይላሉ፤ ያ ይሸፍንላታል።»

እማማ ወደ ምሕረት ዞር አሉ። ከዚያ ደረታቸው ተነፋ። «ስለዚህ ያተረፋት የእኛ ቤት ነው!»

«አዎ፣ እማማ። የእናንተ ቤት ነው።»

«ሰማህ ጳውሎስ? የእኛ ደም ነው!» አሉና ለጎረቤት እንዲሰማ በከምባትኛ ደገሙት። ምሕረት ከእጃቸው አምልጣ ወገቤ ላይ ተጠመጠመች። ከዚያ ፊቷን ቀና አድርጌ አየሁት። አፍንጫዋ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣቦች አሉ። ስትሄድ አልነበሩም።

እማማም የማየውን አስተዋሉ። ጣታቸውን በምራቅ አርሰው አሹት። አንዷ ለቀቀች፤ ጥቀርሻ ነበረች። ሌላዋም ለቀቀች። አንዲቱ ቀረች። ደግመው አሹ። ቀረች።

እማማ ጎንበስ ብለው ሊያዩ ሞከሩ፤ ዓይናቸው ሞራ ጋርዶታል። ቀና ሲሉ ኩራታቸው ጠፍቶ ነበር።

«የእኔ ዓይን አያይም» አሉ። «ይህች ነጥብ ብታድግ እኔ አላውቅባትም። አንቺ ግን ከወረቀት ላይ ነጥብ የምትለቅሚ ሴት ነሽ ይሉኛል። ውሰጃት። ከአንቺ የተሻለ ማን ይጠብቃታል?» ዘንቢሉን ራሳቸው አመጡልኝ። ምሕረት ስትለያቸው አለቀሰች፣ እሳቸውም አለቀሱ።

ያቺ ነጥብ እስካሁን ምሕረት አፍንጫ ላይ አለች። አላደገችም፣ ጓደኛም አላመጣችም። በየሳምንቱ ቅዳሜ መስኮት አጠገብ፣ እኔ ከጥላው በኩል ሆኜ፣ አያታለሁ። ለዓመታት ተማርራብኛለች፤ አሁን ራሷ መጥታ አገጯን ታነሣልኛለች። እኔ ከዚያ ወዲህ ሌሎች እብጠቶችን አስወጥቻለሁ፤ ሁሉንም በጊዜ ደርሼባቸዋለሁ። ድኛለሁ ለማለት አልደፍርም። ጠጋኙ ይሁን ገልባጩ፣ የቱ እንደጎደለኝ ዛሬም አላውቅም። ከንፈሬ በግራ በኩል ትንሽ ሰብሰብ ብሏል፤ «ጰ»ን ስጠራ እቸገራለሁ፤ ስለዚህ ባለቤቴን ስጠራው ይስቃል።

ለአንባቢዬ የምለው ይኼ ነው፦ የማይድን ቁስል ሲኖርህ ስም ለሰጠህ ሁሉ አትመን፤ ሁለተኛ ዓይን ይየው። የታመመን ሰው ፀሐይ ከማውጣትህ በፊት ብርሃን ይወጋው እንደሆነ ጠይቅ። ኩባያ ላይ ክር ከማሰርህ በፊት ደግሞ ጥጥ ጠምዝዘህ ንካውና «ይሰማሃል?» በለው።

ጋሽ መኩሪያ ጡረታ ሲወጡ የማመሳከሪያ ሰው አልተተካልኝም ነበር። ፈተና ደረሰ፤ ስቴንስሉን ይዤ ወደ ቤት መጣሁ። ዓይኔም እንደ ቀድሞው አይደለም። ስለዚህ የጋሽ መኩሪያን ቦታ እኔ ያዝኩ፣ የእኔን ለምሕረት ሰጠሁ፤ ዋናውን እኔ አነባለሁ፣ ምሕረት ስቴንስሉን በጣቷ ትከተላለች። ያን ቀን እኔ እያነበብኩ፣ እንደ ጋሽ መኩሪያ በዜማ ሳይሆን በራሴ ቀስታ፣ ገጹን ልጨርስ ስል ጣቷ ቆመ።

«እማዬ» አለች፣ ቀና ብላ። «አንድ መስመር ዘለልሽ። ተመለሽ።»

ተመለስኩ።